አልጋዬ ሥር የተኛው የሰው ውሻ

እኔ ጫማ ሰሪው፣ የሰፈሩ ሰው «አባ ልክ» እያለ የሚጠራኝ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ዓይኔ ቢፈዝም ጆሮዬና እጄ ያልከዱኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ የካቲት አሥራ አራት ቀን ረፋድ ላይ፣ በሴት ልጄ ቤት ፎቅ ላይ ባለው ክፍል፣ አልጋዬ ላይ በትራስ ተደግፌ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊው ከራስጌው ጽፎታል። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣ ዋሾ ነው።

ጸሐፊው የምናገረውን ሁሉ፣ በዚህ ክፍል ያለ ሌላ ሰው የሚናገረውንም፣ ሳያሳምርና ሳይቆርጥ እንዲጽፍ አዝዣለሁ። «አባት፣ ኑዛዜ እንዲህ አይጻፍም፤ ደንብ አለው» አለኝ። «ጫማም ደንብ አለው፤ የሚሰፋው ግን ለእግሩ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ እንጂ እሱ ሲናገር አልሰማሁም።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው። ታላቁ ወንድ ልጄ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ታናሿ ሴት ልጄ መምህርት ናት፤ ሚጢ እንላታለን፤ በቤቷ የምታስታምመኝ እሷ ናት፤ እግርጌዬ ተቀምጣለች። ምስክሮቼ ሦስት ናቸው፦ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የኖረው ፀጉር አስተካካይ፣ እየመጣች ልቤን የምታዳምጥልኝ ጡረተኛ ነርስ፣ እንዲሁም ከዚህ ቤት ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ። ሥጋ ሻጩን ለምን እንደጠራሁት ልጆቼ ጠይቀውኝ ነበር። ጎረቤት ነው ብዬ አለፍኩት። እሱ ራሱ ግን የገባው ይመስለኛል፤ ደረጃውን ወጥቶ ከገባ ጀምሮ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አንድ ነገር ከመነሻው ይታወቅልኝ። የምሰጠውን ሰጥቼ ስጨርስ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሱን ሳልሰማ አልፈርምም። ያልተፈረመ ኑዛዜ ወንድምና እህትን ምን እንደሚያደርግ ጸሐፊው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ የሚተዳደርበት ነው።

አንደኛ። በዋናው መንገድ ዳር ያለው ሱቄ ከነጓሮው ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። አንዱ ሌላውን ሳያስፈቅድ አይሽጥ፣ አያከራይ። ልጆች ሳሉ በአንዲት በርጩማ ሲጣሉ ነው ያደጉት። እናታቸው አንድ ቀን በርጩማዋን ነጠቀቻቸውና ራሷ ተቀመጠችበት፤ ነገሩም አለቀ። አሁን እሷ የለችም። ስለዚህ ራሳችሁ ተስማሙ።

ሁለተኛ። የቆዳ መስፊያ መኪናዬ ለሚጢ ይሁን። መሸጥ ትችላለች፤ ግን አትሸጠውም፣ አውቃታለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለች እኔ ሳላይ ስትነዳው መርፌው በጣቷ አለፈ። አልጮኸችም። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ዋለች፤ ያወቅሁት ካበጠ በኋላ ነው። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፣ አባባ» አለችኝ። ልጄ ሰው እንዳይደነግጥ ብላ ክፉ ነገር መደበቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተዋትም።

ሦስተኛ። ዕዳ አለብኝ። ለነርሷ ጫማ ልሠራላት ቃል ገብቼ ቀኙን ጨርሻለሁ፤ ግራው የእንጨቱ የእግር ፎርማ ላይ እንደተወጠረ ቀርቷል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ይጨረስላት። ግራ እግሯ ከቀኙ ሰፋ እንደሚል ይነገረው።

«አባ ልክ፣ ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለች ነርሷ።

ይጻፋል። ባይጻፍ ጫማው ይጠብሻል።

አራተኛ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ለፀጉር አስተካካዩ ይሁን። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳውን በማበጠሪያ እየደበደበ «ቀንሰው!» ሲለኝ ኖሯል። አሁን እንዳሻው ይቀንሰው።

«ምን ያደርግልኛል?» አለ እሱ። «አንተ ከሌለህ ማንን ነው ቀንስ የምለው?»

ወደ ሌላው ልለፍ።

አምስተኛ። የቆዳ ሽርጤ ለታላቁ ልጄ ይሁን። ዕድሜዬን ሙሉ ለብሼው የሠራሁበት ነው፤ ከጠጣው ማስቲሽና ቀለም የተነሳ መሬት ቢያኖሩት ብቻውን ይቆማል። ልጄ ሕፃን ሳለ ከሰዓት በኋላ የሚተኛው ጭኔ ላይ፣ እዚያ ሽርጥ ላይ ነበር፤ መዶሻ ስመታ እንኳ አይነቃም። ካደገና መጋዘኑ ከተቀጠረ በኋላ ግን፣ አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ረስቶ ቢሄድ ላደርስለት ሄድኩ። በሠራተኞቹ ፊት ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና «አባባ፣ ሽርጥ ለብሰህ እዚህ አትምጣ» አለኝ። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ሽርጡ ከሱቁ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ወስዶ ቢያስቀምጠውም ቢጥለውም የራሱ ጉዳይ ነው።

ልጄ ይህን ሲሰማ «አባባ፣ እሱ ሽርጥ…» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ዝም ማለቱም ይጻፍ።

ስድስተኛ። አሁን ወደ ውሻው እመጣለሁ።

ለማያውቅ፣ ወስፌ ማለት ሚስቴ በሞተች ሰሞን ከዝናብ ሸሽቶ ሱቄ የገባ ቡችላ ነበር። ቀጭን ነው፤ አፍንጫውን የማይሰካበት ቀዳዳ የለም፤ ስለዚህ በመሥሪያዬ ስም ጠራሁት። ቀን ቀን የቆዳ ቁርጥራጭ ላይ ይተኛል፣ ሲመሽ አልጋዬ ሥር። ሰው ሊያጽናናኝ እየመጣ ስለ ራሱ ሐዘን አውርቶልኝ ይሄድ ነበር፤ ወስፌ ግን አገጩን እግሬ ላይ አሳርፎ ዝም ይላል። ታላቁ ልጄ «ከእኛ ጋር የማታወራውን ከውሻ ጋር ታወራለህ» ብሎ ወቅሶኛል። አልተሳሳተም። ከልጆቼ ጋር ሳወራ እናታቸው ትመጣብኛለች፤ ድምፃቸው የሷ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወስፌ ታመመ። መጀመሪያ ውሃ አበዛ፤ ሳህኑን ሞልቼ ዞር ስል ባዶ ነው። ቀጥሎ መብል ተወ። የእንስሳት ሐኪሙ «ኩላሊቱ ነው፤ አይድንም፤ ይሄ ትንሽ ያቆየዋል» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑን በጉበት ሸፍኜ አጎርሰዋለሁ፤ ጉበቱን ውጦ ክኒኑን እግሬ ሥር ይተፋል፤ ከዚያ እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ይደፋል። ታላቁ ልጄ «ለውሻ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጣጣ?» ብሎ ነበር። ወስፌ ሲከሳ የአንገት ቀበቶው ላላበት። የሠራሁለት እኔ ነኝና መብሻዬን አንስቼ ወደ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩ። ቆይቶ ሌላ። ቆይቶ ሌላ። ስንት ዘመን ቆዳ ስበሳ የኖርኩ ሰው፣ እነዚያን ቀዳዳዎች ስበሳ እጄ ከበደኝ።

በዚያው ሰሞን እኔም ታምሜ ነበር። እሱ ሲከሳ እኔ አበጥኩ፤ የልብ ድካሙ ውሃ ሆኖ እግሬ ላይ ወረደ፤ ጫማ ሰሪ ሆኜ የሚገባኝ ጫማ አጣሁ። ሁለት በሽተኞች ተያይተን እንውላለን። በመጨረሻ በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ ወደቅሁ። ነቅቼ ባይ ሆስፒታል ነኝ፤ ከዚያም ወደዚህ ቤት አመጡኝ። የውሻ ፀጉር ለትንፋሼ አይሆንም ተባለና ወስፌን ታላቁ ልጄ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሳንሰነባበት ነው የተለያየነው።

በየቀኑ «ወስፌስ?» እላለሁ። «ደህና ነው» ይሉኛል። ቆይተው «ሐኪሙ ጋ ተኝቶ እየታከመ ነው» አሉኝ፤ «ዛሬ በላ»፣ «ዛሬ ጅራቱን ቆላ» አሉኝ። እኔም ካላመጣችሁልኝ አልበላም ብዬ መብል ተውኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ሚጢ «አባባ፣ ማን እንደመጣ ገምት!» አለችኝ።

ብርሃንና ጥላ ብቻ እንደምለይ ያውቃሉ። ቡናማ ውሻ ለኔ ቡናማ ጥላ ነው። ያመጡትም ቡናማ ነው፤ በሳሙና አጥበው የወስፌን ቀበቶ አስረውለታል። የተሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። እጄን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ዘለበቱ የገባው በመጀመሪያው፣ በሰፊው ቀዳዳ ነበር፤ እኔ የጨመርኳቸው ቀዳዳዎች ባዷቸውን ተሰልፈው አገኘኋቸው። «እንዴት እንደወፈረ አየህ?» አለች ልጄ። ኩላሊቱ ያለቀ ውሻ እንዲህ ያለ አንገት አያወጣም። ወስፌ መሞቱን ማንም አልነገረኝም፤ በጣቴ ነው ያወቅሁት።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩም ልናገር። ውሻውን ዳብሼ ሳበቃ፣ ሚጢ ደረጃው ላይ ለወንድሟ «ሳቀ እኮ! አባባ ሳቀ!» ስትለው ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቷ ሞት ወዲህ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንጠቃት? ሆድ ይፍጀው አልኩ። አለ ለተባለ ደግሞ አይለቀስም። ሐዘኑ ሲጠናብኝ ልቤን አመመኝ እላለሁ፤ ነርሷም መጥታ ልቤን ታዳምጣለች።

ይህስ ውሻ ምን በደለ? ወስፌ እያሉ ይጠሩታል፤ ጆሮውን አያነሳም። የሚተኛው አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ነው። ሲመሽ ከመንገዱ ማዶ የሥጋ ቤቱ የብረት መዝጊያ ሲወርድ ጅራቱ ወለሉን ይመታል፤ የሚመጣለት ሲያጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ያላዝናል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይሄኛው እዚህ እየበላ የሚጮኸው ለሌላ ቤት ነው። ዛሬም ሥጋ ሻጩ ሲገባ ከአልጋዬ ሥር ወጥቶ ሲሮጥ፣ ጫማውን ሲልስ ሰማሁት። እንግዳን እንዲህ የሚቀበል ውሻ የለም።

ስለዚህ ስድስተኛው ቃሌ ይህ ነው፦ አልጋዬ ሥር የሚተኛው ውሻ የሰው ስለሆነ ላወርሰው አልችልም። ለባለቤቱ ይመለስ። ባለቤቱም እዚህ ቆሟል።



«አባ ልክ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ሥጋ ሻጩ። «ለጤናቸው ነው፣ ለጥቂት ቀን ነው ሲሉኝ እሺ አልኩ። ቤት ልጆቼ ‹መቼ ነው የሚመጣው› እያሉ ያለቅሱብኛል፣ እዚህ ደግሞ እርስዎ አሉ። ግራ ገባኝ።»

«ስሙ ማነው?» አልኩት።

«ቅልጥም።»

ውሻው ስሙን ሲሰማ ዘሎ ተነሳ። እዚህ ቤት ከመጣ ጀምሮ በስሙ የጠራው አልነበረም። ቀበቶው ተፈትቶ እጄ ላይ ይቀመጥ አልኩ። ሚጢ ፈታ አቀበለችኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ወስፌ የት ሞተ? ሲሞትስ ማን ከጎኑ ነበር?

«አባ ልክ፣ ልብዎ ይሄን አይችልም» አለች ነርሷ። «አትንገሯቸው ያልኩት እኔ ነኝ። መቆጣት ካለብዎ እኔን ይቆጡ።»

«ልቤ ካወቀ ቆይቷል፤ ያልሰማው ጆሮዬ ነው» አልኳት።

«ሐኪሙ ጋ ነው፣ አባባ» አለች ሚጢ። «መርፌ ሰጡት፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፣ ምንም አላመመውም…»

«ሚጢ፣ ጣትሽን ከኪስሽ አውጪው» አልኳት።

አለቀሰች። ያን ጊዜ ታላቁ ልጄ ከመስኮቱ ዞረ። የተናገረው ቃል በቃል ይጻፍ።

«ተይው ሚጢ፣ እኔ ልንገረው። እኔ ቤት ነበር፣ አባባ። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ነው የሚቆመው፣ መቆም እያቃተው። አንድ ቀን ለሥራ ስወጣ ተጣድፌ ነበር። የግቢውን በር ገፋ አድርጌው ሄድኩ፣ መቆለፉን አላየሁም። ስመለስ የለም። ሰፈሩን ሙሉ ዞርኩ። ሐኪሙም ጋ ሄድኩ። እዚህም መጥቼ ደረጃው ሥር ቆሜ ተመለስኩ፣ ምን ብዬ ልግባ? ሱቁ ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ዝግ ቤት ነው፣ ማን አለና ብዬ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ያንተ ሱቅ ደረጃ ላይ ነበር» አለ። «አፍንጫውን በበሩ ሥር ሰክቶ። የተኛ መስሎኝ ‹ወስፌ፣ ሰውዬህ እኮ እዚህ የለም› አልኩት። ስነካው ቀዝቅዟል።»

«ከጎኑ ማንም አልነበረም ማለት ነው።»

«ማንም አልነበረም፣ ወንድሜ። ልዋሽህ አልችልም።»

ከታላቁ ልጄ ቤት ሱቁ ድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ በመኪና ነው የሚሄደው። ያ መቆም ያቃተው ውሻ በእግሩ ሄደ። ከበሩ ወዲያ ያለሁ መስሎት ሲጠብቀኝ ሞተ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ተኝቼ «ዛሬ በላ» ሲሉኝ እደሰት ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ አንጀቴን የቆረጠኝ ግን የለም። ሆኖም ጠይቄ የሰማሁት ነውና ማንንም አልረግምም።

«አሁን የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ጓሮው ውስጥ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር» አለ ልጄ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

«በምን ጠቅልለህ?»



«ሽርጡ ሚስማሩ ላይ የለም፣ አባባ። ቅድም ልነግርህ የነበረው እሱን ነው። መጀመሪያ የሱቁን በር ከፈትኩለት። ከሞተም በኋላ ቢሆን ይግባ ብዬ። አቅፌ አስገባሁትና ቁርጥራጩ ላይ፣ ቦታው ላይ አስተኛሁት። ልቀብረው ስል የምጠቀልልበት ጨርቅ አጣሁ። ከቤት አንሶላ ላመጣ ነበር፣ ግን ሽርጡን አየሁት። ሽታህን ያውቀዋል አልኩ። እኔም አውቀዋለሁ። አወረድኩትና በሱ ጠቀለልኩት። ሳልጠይቅህ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ከዚህ በኋላ ብዙ አልናገርም።

አምስተኛው ቃሌ ይሰረዝ። ሽርጡን ልጄ ቀድሞኝ ለሚገባው ሰጥቶታል። በምትኩ መዶሻዬን ለታላቁ ልጄ ሰጥቻለሁ፤ እሱን እየሰማ ነው ተኝቶ ያደገው። የመጋዘኑን ነገር ከሆዴ አውጥቻለሁ፤ የበሩንም ነገር እሱ ከሆዱ ያውጣው። በር የረሳ ሰው ገዳይ አይባልም።

በአንደኛው ቃሌ ላይ ይጨመር፦ ሱቁ ቢሸጥ እንኳ ታንከሩ ሥር እንዳይቆፈር ውል ይገባበት።

ለልጆቼ የምተወው ምክር አንድ ነው። እኔም ስሞት ለሚጠይቃችሁ «ደህና ነው፣ ዛሬ በላ» አትበሉ። ሞተ በሉና አልቅሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የአንገት ቀበቶው ለማንም አይወረስም። በመጨረሻው፣ በጠባቡ ቀዳዳ ቆልፌ ይዤዋለሁ። ስቀበር ከእጄ እንዳታወጡት።

ጥያቄዬ ተመልሷል፤ እፈርማለሁ።

ተናዛዥ፦ አባ ልክ፣ ጫማ ሰሪ። ጸሐፊው የመፈረሚያውን ቦታ በጣታቸው አስነክቷቸው በገዛ እጃቸው ፈርመዋል።

አንደኛ ምስክር፦ ፀጉር አስተካካዩ። ፈርሟል።

ሁለተኛ ምስክር፦ ጡረተኛዋ ነርስ። ፈርማለች።

ሦስተኛ ምስክር፦ ሥጋ ሻጩ። ውሻውን በአንድ እጁ እንደያዘ ፈርሟል።

የጸሐፊው ቃል፦ ይህ ኑዛዜ በተናዛዡ፣ በወራሾቹና በምስክሮቹ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነቧል። ስድስተኛው ቃል ላይ ሲደረስ ተናዛዡ ድምፅ አውጥተው አልቅሰዋል፤ ታላቁ ልጃቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አብሯቸው አልቅሷል። ነርሷ ንባቡ ይቁም ብትልም ተናዛዡ «ቀጥል» ብለው አዝዘዋል። ይህ ልቅሶ እንደ አእምሮ መታወክ ተቆጥሮ ወደፊት ኑዛዜውን ለመሻር ምክንያት እንዳይሆን፣ ተናዛዡ በራሳቸው ቃል የሚከተለው እንዲጻፍ አድርገዋል፦ «አእምሮዬ ደህና ነው። ውሻዬ ሞቶብኝ ነው።»